የስብሰባው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

በቪዲዮ በሚካሄድ ስብሰባ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ለማወቅ የሚሻ ሰው የሰብሳቢውን ማዕረግ መጠየቅ አያስፈልገውም። የሌላውን ማይክ መዝጋት የሚችለው ማን እንደሆነ ቢያጣራ ይበቃዋል።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ2000ዎቹ በውጭ የሚኖረው ወገናችን በፓልቶክ ክፍሎች ስለ አገሩ ሲከራከር፣ አድሚኑ ቀይ ነጥብ ያሳረፈበት ሰው መናገርም መጻፍም አይችልም ነበር። ስለ ዴሞክራሲ በሚሰበክበት ክፍል ውስጥ ይግባኝ የሌለው ፍርድ በአንዲት ጠቅታ ይፈጸም ነበር ማለት ነው።

ወረርሽኙ በገባበት ወቅት ይኸው ጥያቄ ዓለምን ሁሉ አዳረሰ። የዙም የዕለት የስብሰባ ተሳታፊዎች እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ከነበሩበት 10 ሚሊዮን ገደማ፣ በማርች 2020 ከ200 ሚሊዮን በላይ ደረሱ። ወዲያውም ያልተጋበዙ ሰዎች በየስብሰባው እየገቡ የብልግና ምስልና የዘረኝነት ስድብ ይነዙ ጀመር። ኩባንያው በኤፕሪል 2020 የይለፍ ቃልንና የመጠበቂያ ክፍልን ለነፃ ተጠቃሚዎቹ ሳይጠየቅ የሚሠራ አደረገ። እርምጃው ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ በሩን ሲያጠብቅ መክፈቻውን ያስረከበው ለአንድ ሰው፣ ማለትም ለስብሰባው አስተናጋጅ ነው።

ይህ የሚያስከትለውን ውዝግብ በእንግሊዝ አገር ቼሻየር ውስጥ የምትገኘው ሀንድፎርዝ አሳይታናለች። በዲሴምበር 2020 የአካባቢው ምክር ቤት በዙም ተሰብስቦ ሳለ፣ ስብሰባውን ለማገዝ የተገኘችው ጃኪ ዊቨር የምክር ቤቱን ሊቀ መንበር ከስብሰባው አስወጣች። ሊቀ መንበሩ ሥልጣን የለሽም ብሎ ሞግቷት ነበር፤ ቁልፉ ግን በእርሷ እጅ ነበር። በፌብሩዋሪ 2021 ቪዲዮው ሲሰራጭ ዓለም ሳቀ። ዋናው ጥያቄ ግን ማን ትክክል ነበር የሚለው አልነበረም። ሕጉና ሶፍትዌሩ ሁለት የተለያዩ ሰብሳቢዎችን ቢሾሙ የሚያሸንፈው የትኛው ነው? በዚያ ምሽት ያሸነፈው ሶፍትዌሩ ነው።

ከአስተናጋጁም በላይ ሌላ እጅ አለ። በጁን 2020 ዙም የቲያናንመንን ግድያ የሚዘክሩ ስብሰባዎችን በቻይና መንግሥት ጥያቄ መዝጋቱን አመነ። ከታገዱት የስብሰባ አዘጋጆች መካከል በአሜሪካ የሚኖሩም ነበሩበት። ኩባንያው መለያዎቹን መልሶ ከከፈተ በኋላ የገባው ቃል፣ ተሳታፊዎችን ባሉበት አገር ለይቶ ማስወጣት የሚያስችል ቴክኖሎጂ እንደሚሠራ ነበር። እንግዲህ የተሳታፊ መቆጣጠሪያ የምንለው መሣሪያ ሥርዓት ለማስከበርም ለአፈናም እኩል ያገለግላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሥልጣንን በንድፍ መገደብ እንደሚቻል ማስረጃው እዚያው ዙም ውስጥ አለ፤ አስተናጋጁ የሌላውን ማይክ መዝጋቱን እንጂ፣ ባለቤቱ ካልፈቀደለት በቀር መክፈቱን አይችልም። ይኸው መርህ ሊሰፋ ይገባል። በመጀመሪያ፣ የሚረብሽን ድምፅ ለጊዜው መዝጋትና ሰውን ከጉባኤ ማባረር በክብደት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸውና በአንድ ዓይነት ጠቅታ ሊፈጸሙ አይገባም። ድምፅ በሚሰጥበት ጉባኤ ለማባረር የሁለተኛ ሰው ስምምነት ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ማን፣ ማንን፣ መቼ ዝም እንዳሰኘ ለተሰብሳቢው ሁሉ የሚታይ መዝገብ ይኑር። ሦስተኛ፣ እጅ ያወጡ ሰዎች ተራ ለሁሉም ይታይ።

አንዳንዶች ይህ ለረባሽ ጊዜ ይሰጣል ይሉ ይሆናል። አይሰጥም፤ ማይኩን ወዲያው መዝጋት የተፈቀደ ነውና። የሚዘገየው መባረሩ ብቻ ነው፤ እርሱም ሊዘገይ ይገባዋል።

መሐንዲሶቹ ይህን እስኪሠሩ ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን መጠበቅ አይኖርብንም። በዙም የሚሰበሰብ ማኅበር፣ ዕድር ወይም የትምህርት ክፍል ሁሉ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨምር፤ ቁልፉን የሚይዘው ማን እንደሆነ፣ ለማንስ እንደሚጠየቅበት የሚደነግግ።