የተመለሰውን ወንድማችንን እንዴት እንቀበለው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ወንዶች በተወለዱ በ40 ቀን፣ ሴቶች በ80 ቀን ተጠምቀው የቤተ ክርስቲያን ልጆች እንደሚሆኑ ታውቃላችሁ። ቤተሰባችሁ የንስሐ አባት አለው። አጥቢያችሁም ሰበካ ጉባኤ አለው፤ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ መሠረት ካህናትና ምእመናን አብረው የሚሠሩበት ነው። እንግዲህ ሁላችንም የአንድ ቤት ልጆች ነን። ከቤቱ ልጆች አንዱ ቢያጠፋስ ምን ይደረጋል? ስለዚህ ነገር አሳቤን ልነግራችሁ እወዳለሁ።

አንድ ልጅ በመዝሙር ጥናት ሰዓት ጓደኛውን መታ እንበል። መምህሩ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ከመዘምራኑ ጋር እንዳይቆም አዘዙት። ልጁ ተጸጸተ፤ ጓደኛውንም ይቅርታ ጠየቀ። በሦስተኛው እሑድ ደስ ብሎት መጣ። ልጆቹ ግን ሲያዩት ተጠቃቀሱ፤ «የተባረረው መጣ!» እያሉም ሳቁበት። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ ቀረ። ልጆች! ይህን ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ያራቀው ማን ነው? መምህሩ ናቸውን? አይደሉም። እርሳቸው የቀጡት እንዲመለስ ነበር። ያራቁት የሳቁበት ልጆች ናቸው።

በፋሲሎና በጣና ዳር የምትኖሩ ልጆች ታንኳ ታውቃላችሁ። ቀዛፊው አንዱን «ተቀመጥ፤ አትነሣ!» ብሎ ቢቆጣው ጠልቶት ነውን? ታንኳው እንዳይገለበጥ፣ እርሱም ሌሎቹም እንዳይሰጥሙ ብሎ ነው። አባቶቻችን ካህናትም እንዲሁ ናቸው። የማሰርና የመፍታት ሥልጣን ከጌታችን በሐዋርያት በኩል ተሰጥቷቸዋል (ማቴ. 18፥18)። ጥፋቱን ለተናዘዘ ሰው ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደት ወይም ምጽዋት ያዙለታል። ይህ ቀኖና ይባላል። ሐኪም መራራ መድኃኒት የሚሰጠው በሽተኛው እንዲድን እንደ ሆነ ሁሉ ቀኖናም ለነፍስ መድኃኒት ነው። መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ማን ይስቃል?

ካህኑ የሰማውን ኑዛዜ ለማንም አይናገርም። እንግዲያስ እኛ «እገሌ ለምን አልቆረበም? እገሊት ምን አጥፍታ ነው?» እያልን መጠያየቅ አይገባንም።

ለታላላቆቻችንም አንድ ነገር ልበል። ጌታችን በደለኛውን መጀመሪያ ብቻውን፣ ባይሰማ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ እንቢ ካለ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ነግረን እንድንመክረው አዝዟል (ማቴ. 18፥15-17)። ብቻውን ሊመከር የሚችለውን ልጅ በጉባኤ መካከል ማሳፈር ይህን ሥርዓት መዝለል ነው።

ተግሣጽ ለልጆች ብቻ የተሠራ አይምሰላችሁ። ለታላላቅ አባቶችም ይደርሳል። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። ምእመናን በቋንቋቸው የሚያገለግላቸው አባት አጥተዋል የሚል ቅሬታ ነበራቸው። ቅዱስ ሲኖዶስ ግን ሹመቱ ከሥርዓት ውጭ መሆኑን ገልጾ ጥር 18 ቀን ውግዘት አስተላለፈ። ሐዘኑ ታላቅ ነበር፤ በሻሸመኔ የሰው ሕይወት ጠፋ። ምእመናን ጥቁር ለብሰው የሦስቱን ቀን የነነዌ ጾም በልቅሶ ጾሙ። የዚያን ጊዜ ታሪክ ታላላቆቻችሁን ጠይቋቸው።

የካቲት 8 ቀን ግን ዕርቅ ወረደ። ሦስቱ አባቶች ወደ ቅዱስ ሲኖዶስ ተመለሱ። በአፋን ኦሮሞ የሚሰጠው አገልግሎት እንዲጠናከርም በስምምነቱ ተካተተ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ሥርዓት የጣሰ ይገሠጻል፤ የሚገሥጸውም የተገሣጩን ቅሬታ ይሰማል። የአባቶችን ስም ያልጻፍሁትም ሆን ብዬ ነው። የታረቀን ሰው በስሙ እየጠሩ ጥፋቱን ማንሣት መልካም አይደለምና።

ደግሞስ ያ ጾም የማን ነበር? የነነዌ ሰዎች አይደለምን? ነነዌ ንስሐ ገብታ ስትድን ያዘነው ነቢዩ ዮናስ ነበር (ዮናስ ምዕ. 4)። እግዚአብሔርም የምሕረትን ነገር በቅል ምሳሌ አስተማረው። በተመለሰው ልጅ ላይ የምንስቅ ከሆነ እኛም ይህን ትምህርት እንደ ዮናስ መማር አለብን። ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ የበደለው ሰው ከተገሠጸ በኋላ ኀዘን እንዳይውጠው ይቅር እንዲሉትና እንዲያጽናኑት ምእመናንን ለምኗል (2ኛ ቆሮ. 2፥6-8)።

ስለዚህ ልጆች! በሚመጣው እሑድ ቀርቶ የነበረ ልጅ በበሩ ብቅ ቢል አትጠቃቀሱ። ጠጋ ብላችሁ ቦታ ስጡት፤ የመዝሙር ደብተራችሁንም አሳዩት። የት ነበርህ ብላችሁ አታስጨንቁት፤ «እንኳን ደኅና መጣህ» በሉት። ያልመጣም ካለ ቤቱ ሄዳችሁ ጥሩት። አባቶች የፈቱትን እኛ አንሰር።

የመለማመጃ ጥያቄዎች
1. ቀኖና ማለት ምን ማለት ነው? ለምንስ ይሰጣል?
2. ጌታችን በደለኛውን በምን ቅደም ተከተል እንድንመክር አዘዘ?
3. ከክፍላችሁ የቀረ ልጅ አለን? እንዲመለስ ምን ታደርጋላችሁ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።