በሩ ተዘጋ፤ ግቢ ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪኖችስ?

አሜሪካ ውስጥ ከ50 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ተጎታች ካራቫን አፈላልጎ የሚገዛ፣ አድሶም ሽርሽር የሚወጣበት ሰው ብዙ ነው። እኛ ዘንድ ግን አሮጌ ተሽከርካሪ ፍለጋ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚከብድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንደማይገባ አስታወቀ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ የነዳጅ ወጪ ይቀንሳል፣ አገሪቱም የሌላው ዓለም ብረት መጣያ አትሆንም። ነገር ግን ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ወርቅ ሆነ። ዲኤክስ ሲያረጅ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ከደሴ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም በሚወስደው የደጋ መንገድ ሰውና እህል የሚያመላልሰው በአብዛኛው ያረጀ የናፍጣ መኪና ነው። ቻርጅ ማድረጊያና መካኒክ ሳይደርስ «ኤሌክትሪክ ግዙ» ማለት ባዶ ምክር ነው።

ገዢውም ለደላላ ተጋልጧል። ቀለሙ አዲስ፣ ሻንሲው የተበየደ፤ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ሌላ፣ መኪናው ላይ ያለው ሌላ።

መንግሥት በሩን ከዘጋ ግቢውንም ይጠብቅ። ዓመታዊ ምርመራው ቦሎ ለመለጠፍ ሳይሆን ፍሬን ለማየት ይሁን። የመለዋወጫ ቀረጥ ይቀነስ። ገዢ ቀብድ ሳይከፍል በፊት ዕዳና እገዳን በታርጋ ቁጥር በስልኩ ማጣራት ይቻለው። ዳገት ላይ ፍሬን እንቢ ሲል የሚጠፋው ታክስ አይደለም፤ የሰው ነፍስ ነው።