የፊልሙ ጭራቅ፣ የማሳው ዘበኛ

እ.ኤ.አ. በ1979 «ኤሊየን» የተሰኘው ፊልም ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት ለሙከራ ከታየባቸው ከተሞች አንዷ ዳላስ ነበረች። ቀደም ሲል በሴንት ሉዊስ የተደረገው ሙከራ በድምፅ ጉድለት ተበላሽቶ ነበር፤ የዳላስ ታዳሚ ድንጋጤ ግን ሥራው እንደሰመረ ለፊልም ሠሪዎቹ አረጋገጠላቸው። በፊልሙ እጅግ የታወቀው ትዕይንት አንድ ፍጡር በሕይወት ባለ ሰው ሰውነት ውስጥ አድጎ ደረቱን ቀድዶ ሲወጣ የሚያሳየው ነው። ከአርባ ዓመታት በኋላም ከሌላ ዓለም ስለመጣ ጭራቅ ሲወራ በብዙ ሰው አእምሮ የሚደቀነው ይኸው ምስል ነው።

ምስሉ ግን ከሌላ ዓለም አልመጣም። የፊልሙ ደራሲ ዳን ኦባነን ሐሳቡን ካገኘባቸው ምንጮች አንዱ ጥገኛ ተርብ ነው። ሴቷ ተርብ እንቁላሏን በአባጨጓሬ ገላ ውስጥ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው እጭ አባጨጓሬውን ከውስጥ እየተመገበ ያድጋል፤ ጊዜው ሲደርስ ቆዳውን በስቶ ይወጣል፤ አባጨጓሬውም ይሞታል። ቻርልስ ዳርዊን በ1860 በጻፈው ደብዳቤ እንዲህ ያለውን ነፍሳት ቸር አምላክ አስቦ ፈጥሮታል ብሎ ለማመን እንደሚቸገር ገልጾ ነበር። ሆሊውድ ከዚህ ተርብ የወሰደው አስፈሪውን ግማሽ ብቻ ነው። ተርቡ የሚገድለው ማንን እንደሆነ፣ ሞቱም ለማን እንደሚጠቅም የሚናገረው ሌላው ግማሽ ተትቷል። ለኢትዮጵያ ገበሬ ደግሞ የእለት ጉርሱ ያለው በዚህ በተተወው ግማሽ ውስጥ ነው።

መዋስ ነውር አይደለም

ከእንስሳት መዋስ በራሱ የሚያስወቅስ አይደለም። እንስሳን ከባዶ የፈጠረ ጥበበኛ የለም። በ«ስታር ዋርስ» የቹባካ ድምፅ በአብዛኛው ከድብ ድምፅ የተቀናበረ ነው፤ በዚያው ፊልም የጠላት ተዋጊ መንኮራኩሮች ሲያልፉ ከሚሰማው ጩኸት ውስጥም የዝሆን ድምፅ አለ። የ«ኤሊየን»ን ጭራቅ ሆኖ የተወነው ቦላጂ ባዴጆ ቁመቱ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ናይጄሪያዊ ነበር፤ ሎንዶን ከመድረሱ በፊት በኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ተምሯል። ስለዚህ ክርክሩ የባለቤትነት ክርክር አይደለም። የእንስሳ መልክ የማንም ርስት አይደለምና።

ክርክሩ የትርጉም ነው። እንስሳ ከኑሮው ተነጥሎ ወደ ፊልም ሲገባ መልኩ ይቀራል፤ ሥራው ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው «ኤሊየንስ» ለጭራቆቹ እንደ ንብና እንደ ጉንዳን እንቁላል የምትጥል ንግሥት ሰጣቸው፤ መንጋው ለተመልካች የሽብር ምልክት ሆነ። በኢትዮጵያ ትውፊት መንጋው የተገላቢጦሽ ነው። ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፣ እናቱም ይህን የንግሥና ምልክት አድርጋ ተቀበለችው፣ ስሙም ከዚሁ ወጣ ይባላል። ንቡ በሁለቱም ዘንድ ያው ንብ ነው፤ የተለያየው ከንብ ጋር ያለው ትውውቅ ነው። ማር ቆርጦ የሚያድር ሕዝብ ንብ እንደምትናደፍ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ስለተነደፈ ግን ቀፎውን አያቃጥልም።

በጆሃንስበርግ የተቀረጸው «ዲስትሪክት ናይን» ችግሩ ከነፍሳት አልፎ ወደ ሰው እንደሚሻገር አሳይቷል። በ2009 በወጣው በዚህ ፊልም ሰዎች ከጠፈር የመጡትን ስደተኞች በንቀት «ፕሮን» እያሉ ይጠሯቸዋል። ስሙ «ፓርክታውን ፕሮን» ከሚባለው፣ በጆሃንስበርግ ግቢዎች ከሚገኘው ፌንጣ መሰል ትልቅ ነፍሳት የተወሰደ ነው። ይህ ነፍሳት መልኩ ያስደነግጣል እንጂ አትክልት የሚያጠፋውን ቀንድ አውጣ የሚበላ የአትክልተኛ ረዳት ነው። ፊልሙ የዘር መድልዎን ለማውገዝ ተነሥቶ ናይጄሪያውያንን በወንበዴነት ስለሣለ፣ የናይጄሪያ መንግሥት በዚያው ዓመት ሲኒማ ቤቶች እንዳያሳዩት ጠይቋል። የመጤን ክብር ለመስበክ የተሠራ ሥራ በሌላ መጤ ላይ ያንኑ ጭቃ ለጠፈ።

ይህ ለዳላስና ለፎርት ወርዝ ኢትዮጵያውያን የሩቅ ነገር አይደለም። የፊልሙ ርእስ የሆነው «ኤሊየን» በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የውጭ አገር ሰው መጠሪያ ነው፤ ግሪን ካርድ ያወጣ ሁሉ ከዚህ ቃል የመነጨውን መለያ ቁጥር ተሸክሟል። በአገር ቤት ደግሞ «መጤ» የሚለው ቃል በሰው ላይ ሲወረወር ስንቱን ከቀዬው እንዳፈናቀለ የሚዘነጋ የለም። የማያውቁትን ሁሉ ጭራቅ አድርጎ መሣል ልማድ ነው፤ ልማድም በሲኒማ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ተወስኖ አይቀርም።

እውነተኛው ወራሪ

በማሳ ላይ ግን እውነተኛ ወራሪ አለ፤ ቴክሳስም በደንብ ታውቀዋለች። በኢትዮጵያ «የአሜሪካ መጤ ተምች» የሚባለው አባጨጓሬ የትውልድ ቦታው ሞቃታማው የአሜሪካ ምድር ነው። የብርዱን ወራት በደቡብ ቴክሳስና በፍሎሪዳ ያሳልፍና ሙቀቱ ሲመለስ የእሳት እራቱ ወደ ሰሜን ይበራል። እ.ኤ.አ. በ2021 በዳላስና በፎርት ወርዝ ዙሪያ የብዙ ቤቶችን የግቢ ሣር በጥቂት ቀናት ውስጥ ያደረቀው ይኸው ተምች ነው። እዚህ የሚያጠፋው ሣር ነው፤ ጉዳቱም በአብዛኛው የውበትና የወጪ ነው።

በ2016 አፍሪካ መግባቱ ታወቀ፤ በ2017 ኢትዮጵያ ደረሰ። እዚያ ያገኘው በምርት መጠን ከአገሪቱ የእህል ሰብሎች ሁሉ ቀዳሚ የሆነውን በቆሎ ነበር። ለምዕራብ ጎጃም ወይም ለጅማ ገበሬ የበቆሎ ማሳ ጌጥ አይደለም፤ የዓመት ቀለብ ነው። የተሰጠው መልስ በእጅ መልቀምና ኬሚካል መርጨት ሆነ።

በዚህ መሐል ማንም ያልጠራው ረዳት ማሳው ውስጥ ነበር። በ2018 የታተመ የተመራማሪዎች ጥናት በኢትዮጵያ ከተምቹ እጭ ጠላቶች ዋነኛው «ኮቴሲያ ኢሲፔ» የተባለ ጥገኛ ተርብ መሆኑን አሳየ። በተጠኑት አካባቢዎች ከተሰበሰቡት እጮች ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑት በዚህ ተርብ የተጠቁ ነበሩ። የዳላስን ታዳሚ ያሸበረው ጭራቅ የቅርብ ዘመድ፣ ደመወዝ ሳይቆረጥለትና የውጭ ምንዛሪ ሳይወጣበት፣ የኢትዮጵያን በቆሎ ሲጠብቅ ተገኘ።

ይህ ተርብ በሳይንስ ስም ያገኘው በ2017 ነው፤ ስሙም ዋና ጽሕፈት ቤቱ በናይሮቢ ካለው ኢሲፔ የተባለ ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል የመጣ ነው። የፊልሙ ጭራቅ በዓለም ሁሉ ከታወቀ 38 ዓመት ሆኖት ነበር። ሰው በምናቡ የፈጠረውን ተርብ ሥጋና አጥንቱን ሳይቀር ሲያጠና፣ እህሉን የሚጠብቅለትን ተርብ በስም አያውቀውም ነበር።

አለማወቁ ዋጋ ያስከፍላል። አባጨጓሬው ካደገ በኋላ በበቆሎው የቅጠል እቅፍ ውስጥ ስለሚሸሸግ ርጭቱ በቀላሉ አያገኘውም፤ በቅጠሉ ላይ የሚንቀሳቀሰው ተርብ ግን ለመርዙ የተጋለጠ ነው። ሁሉን የሚገድል ኬሚካል ያለ ልክ በተረጨ ቁጥር ዘበኛው ቀድሞ ይወድቃል፤ ሌባው ይተርፋል። በሚቀጥለው ዓመት ገበሬው ብዙ መርዝ ይገዛል።

ሁለት መከራከሪያዎች

የመጀመሪያው መከራከሪያ «ፊልም መዝናኛ ነው፤ ማንም ገበሬ ሪድሊ ስኮትን አይቶ መርዝ አይረጭም» የሚል ነው። እውነት ነው። ይሁን እንጂ በጀት የሚመድበው፣ የእርዳታ ሰነድ የሚጽፈውና ቼክ የሚፈርመው ገበሬው አይደለም። እነዚህ ሰዎች በከተማ አዳራሽ ያደጉ፣ ነፍሳትን በአብዛኛው በስክሪን የሚያውቁ ናቸው። ነፍሳት ሁሉ በአእምሯቸው በጠላትነት ከተመዘገበ፣ መርጫ መግዛት ቆራጥ እርምጃ፣ ነፍሳት የሚለይ ባለሙያ መቅጠር ግን ቅንጦት ሆኖ ይታያቸዋል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ይበልጥ ይከብዳል፤ ወረርሽኝ ሲነሣ ገበሬ ተርብ እስኪራባ ሊጠብቅ አይችልም። ይህም እውነት ነው፤ ኬሚካል ፈጽሞ አይረጭ የሚል ሰው ረኀብን አያውቅም። ነገር ግን ምርጫው በመርዝና በጸሎት መካከል አይደለም። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በቆሎን ከዴስሞዲየም ጋር አሰባጥረው፣ ዙሪያውን የብራኪያሪያ ሣር በተከሉ ማሳዎች የተምቹ እጭ ቁጥር ከ80 በመቶ በላይ ቀንሶ መገኘቱ በ2018 ታትሟል። ርጭት የመጨረሻው እርምጃ ሆኖ ሲቀር ተርቡም ገበሬውም ይተርፋሉ።

ከዳላስ ምን ይጠበቃል

በሰሜን ዳላስ ኮይት መንገድ ላይ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም አግሪላይፍ የምርምርና የኤክስቴንሽን ማዕከል አለ። ተቋሙ ከዚህ ተምች ጋር የቆየ ልምድ ያለው ነው፤ ከሪቻርድሰንና ከጋርላንድ ኢትዮጵያውያን ሰፈሮች በመኪና ብዙም አይርቅም። በኢትዮጵያ በኩል በአምቦ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል አለ። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ የሥልጠና ወንበር፣ ጥቂት ማይክሮስኮፖችና የነፍሳት ናሙና ማስቀመጫ ከአንድ ትልቅ የገንዘብ ማሰባሰቢያ እራት ወጪ ብዙ ላይበልጡ ይችላሉ። በሪቻርድሰን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ዳላስ ደግሞ አኒሜሽን ይማራሉ። የኢትዮጵያውያን ልጆችም በዚህ ሙያ ጭራቅ መሣል ይችላሉ፤ ከሣሉ ግን ሙሉውን እንስሳ ይሣሉ፤ ከጥርሱ ጋር ሥራውን፣ ከመልኩ ጋር ጎረቤቱን።

ለገበሬ እርዳታ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ማኅበራትም የመርጫና የኬሚካል ጥያቄ ሲቀርብላቸው ከመፈረማቸው በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፤ በዚህ ማሳ ላይ ተምቹን የሚገድሉት ነፍሳት ተቆጥረዋል ወይ? መልሱ «አልተቆጠሩም» ከሆነ፣ የመጀመሪያው ገንዘብ ለመርዙ ሳይሆን ለቆጣሪው ይውጣ።