ንስሮች የሚሰበሰቡበት ስፍራ



ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በሐይቅ ከተማ ወደ ቤቴ ስመለስ፥ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በመንገድ አስቆሙኝ። በአምባሰል ተራራ ወገን በሰማይ የሚዞሩትን አሞሮች በእጃቸው እያመለከቱ፥ «መምህር፥ ጌታ በወንጌል የተናገረው የመጨረሻው ዘመን ምልክት ይህ አይደለምን? የልጅ ልጄ ይህን ከሰዎች ሰምቶ ሌሊት እንቅልፍ አጥቷል» አሉኝ። ይህ ጥያቄ በብዙ ቤት እንዳለ ስለማውቅ መልሱን ለሁላችሁ ልጽፈው ወደድሁ።

እኒህ እናት በከንቱ አልፈሩም። የወሎ ሰው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፥ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. ወገኖቹን በረሀብ ቀብሯል። በ2014 ዓ.ም. በመጸው ወራትም ጦርነቱ እስከ ሐይቅና እስከ አምባሰል ደረሰ። ያን ሁሉ ያየ ዓይን አሞራ ሲዞር ቢያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በየጊዜውም «እንግዲህ ቀኑ ደረሰ» የሚል አልታጣም፤ ቀኑ ግን አልደረሰም።

ጌታ ስለ በድንና ስለ አሞሮች የተናገረው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ቁጥር 28 እና በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ቁጥር 37 ይገኛል። ቃሉን ለመረዳት ከፊቱ ያለውን ማንበብ ያስፈልጋል። ጌታ አስቀድሞ፥ ክርስቶስ በበረሃ ወይም በእልፍኝ ተሰውሯል የሚሉትን እንዳናምን አስጠነቀቀ፤ ምጽአቱንም በሰማይ ዳርቻ ሁሉ በሚታይ መብረቅ መሰለው።

አሞራን ስለ ምን አመጣ ቢሉ፥ አሞራ ሲወርድ በሩቅ ያለ ሁሉ ስለሚያየው ነው። እረኞቻችን ይህን ያውቃሉ። ረፋድ ላይ ፀሐይ ምድርን ስታሞቃት አሞራው በሞቃቱ አየር ተንሳፎ ከፍ ይላል፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው አይቶ ይከተለዋል። የጌታም መምጣት እንዲሁ የተገለጠ ይሆናል እንጂ፥ በሹክሹክታ የሚወራ ወይም ዘመን ቈጣሪ የሚደርስበት አይደለም። በዚያው ምዕራፍ በቁጥር 36 ቀኑ ከሰውና ከመላእክት የተሰወረ መሆኑ ተነግሯል።

ሁለተኛው ምሥጢር ከዚህ ይጠልቃል። በአማርኛ «አሞሮች» የተባሉት በግእዙ «አንስርት» ናቸው፤ ንስሮች ማለት ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም እነዚህ ንስሮች ከጌታ ጋር የሚታዩ መላእክት፥ ሰማዕታትና ቅዱሳን ሁሉ ናቸው ብሏል። የመጀመሪያይቱን የቆሮንቶስ መልእክት ሲተረጕም ደግሞ ቃሉን ወደ ቅዱስ ቍርባን አመጣው፤ በድን የተባለው ስለ እኛ የሞተው የጌታ ሥጋ ነው፥ ወደ እርሱ የሚቀርብም እንደ ንስር ከምድራዊ ነገር ከፍ ይበል ብሎ አስተማረ።

በዮሐንስ ራእይም ወፍ ሁሉ አንድ ትርጕም የለውም። በምዕራፍ 8 ንስር ወዮታን ያውጃል፤ በምዕራፍ 19 የሰማይ ወፎች ወደ ፍርዱ ግብዣ ይጠራሉ። በምዕራፍ 12 ግን ሴቲቱ ከዘንዶው የምታመልጠው በንስር ክንፍ ነው። ኅዳር 8 ቀን በዓላቸውን ከምናከብረው ከአርባዕቱ እንስሳ አንዱም ገጸ ንስር ነው። እንግዲህ የወፍ ምሳሌ ለፍርድም ለመዳንም ይነገራልና፥ ወፍ አይቶ ቀን መቍጠር አይገባም።

የእኛው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ለዚህ ምስክር ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በዚያ ሲያስተምሩ ደቀ መዛሙርት ከሩቅ አገር ይሰበሰቡ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ያመጣቸው የነፍስ ምግብ እንጂ የዘመን ፍርሃት አልነበረም።

ይህን በነገርኋቸው ጊዜ እኒያ እናት ጥቂት ዝም አሉና፥ «ልጄ በጦርነቱ ከሞተ ወዲህ ከቅዳሴ አልቀረሁም፤ ወደ ሥጋውና ወደ ደሙ ግን አልቀረብሁም፤ ልቤ ተቀይሟል» አሉኝ። እኔም፥ «እናቴ፥ ይህን ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው፤ ሲፈቅዱልዎ ልጁን ይዘው ይቅረቡ። ያን ጊዜ ንስሮች ወዴት እንደሚሰበሰቡ እርስዎው ያሳዩታል» አልኋቸው።

ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ ስለ መጨረሻው ቀን ሲጠይቋችሁ አታስፈራሯቸው። እጃቸውን ይዛችሁ ወደ ቅዱስ ቍርባን አቅርቧቸው፤ እናንተም በንስሐ ተዘጋጅታችሁ አብራችኋቸው ቅረቡ።