ቪዛ ተከልክለው ስለ ተለያዩ ባልና ሚስት

በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው በሥጋ ወደሙ ከተወሰኑ በኋላ፣ ባል በለንደን ሚስት በአዲስ አበባ የሚኖሩ ባለትዳሮች በዘመናችን ብዙዎች ናቸው። የሚስት ቪዛ በተከለከለ ጊዜ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ኀዘናችሁን ጻፉላቸው፤ ይራሩላችኋል» እያለ ይመክራል። ይህ ምክር ግማሽ እውነት ስላለበት ጥቂት ልንመረምረው ወደድን።

የትዳር ጓደኛውን ወደ ብሪታንያ የሚያስመጣ ሰው እንዲኖረው የሚጠየቀው የዓመት ገቢ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2012 ጀምሮ 18,600 ፓውንድ ነበር፤ በአፕሪል 2024 ወደ 29,000 ከፍ ተደረገ። በፌብሯሪ 2017 የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የገቢውን ልክ በመሠረቱ ቢቀበልም፣ ደንቡ ለሕፃናት ጥቅም ተገቢውን ስፍራ አልሰጠም ሲል ፈረደ። በዚያው ዓመት ደንቡ ተሻሽሎ፣ ክልከላው በአመልካች፣ በትዳር ጓደኛ ወይም በልጅ ላይ ከልክ ያለፈና አግባብ የሌለው መከራ የሚያመጣ እንደ ሆነ እንዲመረመር ታዘዘ። የርኅራኄው በር እንግዲህ ይህ ነው፤ ጠባብም ነው።

መናፈቅማ የተለያዩ ባለትዳሮች ሁሉ ዕጣ ስለሆነ፣ ዳኛው በእርሱ ብቻ አይፈርድም። «ስለ ምን በኢትዮጵያ አብራችሁ አትኖሩም?» ብሎ ይጠይቃል። ባል በለንደን በሽተኛ እናቱን የሚያስታምም ቢሆን፣ የሐኪሙ ደብዳቤ የበሽታዋን ስም ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚያጥባት፣ ማን መድኃኒቷን እንደሚሰጣት፣ እርሱ ቢሄድ ማን እንደሚተካው መናገር አለበት። (በነገራችን ላይ፣ መንግሥት ለአስታማሚ የሚሰጠውን አበል የሚቀበል ሰው ከዚያ ከ29,000 ፓውንድ ልክ ነጻ ስለሆነ፣ ይህ አስቀድሞ ይጣራ።)

የቤተ ክርስቲያን ወረቀታችን ደግሞ ለባዕድ መርማሪ እንቅፋት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ምስክር ወረቀቱ «ጥር 15 ቀን 2014 ዓ.ም.» ቢል፣ በእነርሱ ዘመን ጃንዩወሪ 23 ቀን 2022 ነው፤ ሳይመለስ የቀረበ እንደ ሆነ ግን ጋብቻው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ፣ «የተዋወቅነው በ2019 ነው» ያሉትን ባለትዳሮች ሐሰተኞች ያስመስላቸዋል። በፓስፖርት አንድ ስም፣ በተክሊሉ ወረቀት የክርስትና ስም መገኘቱም እንዲሁ ነው። ሚስት የባሏን ስም አለመያዟን እንኳ ማስረዳት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፎ ከይግባኙ ጋር ማያያዝ ቀላል ሥራ ነው።

የንስሐ አባትም ደብዳቤ ሲጽፉ «መልካም ምእመናን ናቸው» ማለታቸው ብዙ አይረዳም። መቼ እንዳጋቧቸው፣ ባል በስንት ጊዜ ከለንደን መጥቶ በሚስቱ ቤት እንዳገኙት፣ ያዩትን ይጻፉ። በንስሐ የሰሙትን ግን አይጻፉ፤ ለማንም ችሎት የሚገለጥ አይደለምና። ከደላላ የተገዛ የሐኪም ወረቀት ደግሞ ከእውነተኞቹ ጋር አንድ ቀን ቢገባ፣ እውነተኞቹንም ሁሉ ያስጠረጥራል።

ከብሪታንያ ውጭ ላለ አመልካች የይግባኙ ጊዜ ክልከላው ከደረሰበት ጀምሮ 28 ቀን ነው፤ እሑድም በዓልም ይቆጠራል። ደብዳቤው ሁሉ እስኪሰበሰብ ብሎ ቀኑን ማሳለፍ አይገባም፤ ይግባኙ ገብቶ ሳለ ማስረጃው ሊከተል ይችላልና። ምክር የሚጠየቀውም ሕግ ከፈቀደለት አማካሪ ወይም ጠበቃ ነው፤ ያለ ፈቃድ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ማማከር በዚያ አገር ወንጀል ነው።

በችሎቱ ቀን ሚስት በአዲስ አበባ ስለምትሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚመሰክረው ባል ነው። እንግሊዝኛው የጎደለ ከሆነ የአማርኛ አስተርጓሚ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ፍርድ ቤቱ ያለ ክፍያ ያቀርብለታል። የእናቱን ሕመምና የቤቱን ነገር በእናቱ ቋንቋ ቢናገር ይሻለዋል።