«ተኚ» ብቻ አንበላት

የጡት ካንሰር ይዟት ኬሞ የጀመረችን ሴት ሊጠይቅ የሄደ ሁሉ ምክሩ አንድ ነው፤ «አርፈሽ ተኚ፣ እንዳትንቀሳቀሺ።» ከፍቅር የመጣ ቃል ነው። ዳሩ ግን ቢተኙም የማይወጣው የካንሰር ድካም በመኝታ ብዛት ይብሳል እንጂ አይቀልም። ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ትከሻም ካልተፍታታ ይደርቃል፤ ፀጉር ማበጠርና ቀሚስ ማጥለቅ ሳይቀር ሰው የሚያስጠሩ ሥራዎች ይሆናሉ።

በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት የጡት ካንሰር ሕክምናቸውን በጨረሱ 200 ሴቶች ላይ የተደረገ ነው። ከፊሎቹ ለ12 ሳምንታት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለስለስ ያለ ዮጋ ሠሩ፤ የቀሩት ተራቸውን ጠበቁ። ትምህርቱ ካበቃ ከ3 ወር በኋላ የሠሩት ሴቶች ድካም ካልሠሩት በ57 በመቶ አንሶ ተገኘ። ዮጋ ካንሰርን ያድናል፣ ኬሞንና ጨረርን ይተካል የሚላችሁ ካለ ግን አትስሙት።

«የባዕድ አምልኮ አይደለም ወይ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ዮጋ መነሻው የህንድ ሃይማኖታዊ ትውፊት ነው። እዚህ የሚፈለገው ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ በረጅሙ መተንፈስ፣ ትከሻን ማዞር፣ ክንድን ቀስ አድርጎ ማንሳት ነው። ስሙ ከከበዳችሁ «ማፍታቻ» በሉትና ሥሩት።

የእድር ዳኞች ሆይ፣ ድንኳኑና ወንበሩ ለለቅሶ ተገዝቷል፤ አዳራሹ ግን አብዛኛውን የሥራ ቀን ተቆልፎ ይውላል። እነዚህ ሴቶች ማፍታቻውን እንዲሠሩበት በሳምንት ሁለት ጠዋት ክፈቱላቸው። ለጨረር ተራ ከክፍለ ሀገር ጥቁር አንበሳ መጥታ ዘመድ ቤት የተጠጋች ሴት ብትመጣም «አባል ናት ወይ?» አትበሉ።

ዮጋ የምታስተምሩ፣ አንድ ሰዓት ስጡ። ነገር ግን ብቻችሁን አትጀምሩ፤ ፊዚዮቴራፒስት አማክሩ። ከብብቷ ንፍፊት የወጣላት ሴት ክንዷ ሊያብጥ ይችላል፤ ካንሰሩ አጥንቷ ላይ የደረሰ ሴት ብትጠማዘዝ አጥንቷ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ሐኪሟ «ይህን ሥሪ፣ ይህን ተዪ» ብሎ ሳይፈቅድ ማንም አይጀምር፤ ያመማትም ወዲያው ታቁም። ሐኪሞችና ነርሶችም ይህን ለታካሚዎቻችሁ ሳትጠየቁ ንገሯቸው፤ እናቶቻችን ሐኪም ፊት ጥያቄ ማብዛት ነውር ይመስላቸዋል።

ባልና ልጆች፣ የእናንተ ድርሻ ከሁሉ ይከብዳል። እሷ የምትሄድበትን ሰዓት ነፃ አድርጉላት፤ ምጣዱን ሌላ ይጣደው፣ ሕፃኑን ሌላ ይያዘው። መንገዱ የሚያደክማት ከሆነ ሸኟት፤ ሲያልቅም ውሰዷት።

በመጪው የእድር ስብሰባ ከመዋጮው ጉዳይ በፊት አንድ ሰው እጁን ያንሣ። የአዳራሹ ቁልፍ ለማን እንደሚሰጥና የትኞቹ ሁለት ጠዋቶች እንደሚሆኑ እዚያው ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።