ለስሕተትና ለተንኮል አንድ ዋጋ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ስለ ፎርሙላ 1 የመኪና እሽቅድምድም በየመኝታ ቤቱና በየሻይ ቤቱ የሚካሄደው ክርክር ሥሩ ሲፈለግ የሚገኘው አንድ ቦታ ነው፤ እርሱም የቅጣት ጉዳይ ነው። ማን ፈጠነ፣ የማን ሞተር በለጠ የሚለው ሙግት ቶሎ ይበርዳል። «እገሌ መቀጣት ነበረበት»፣ «የለም፣ ግፍ ነው የተሠራበት» የሚለው ግን ሳምንት ሙሉ ሲጋጋል ይሰነብታል። እኔም በዚህ ጽሑፍ የማንም ተወዳዳሪ ደጋፊ ሆኜ ሳይሆን፣ ቅጣት ራሱ በምን ሚዛን መመዘን እንዳለበት የሚመስለኝን ለማቅረብ እወዳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ጨዋታውን እምብዛም ለማይከታተሉ በአጭሩ ላስረዳ። በየውድድሩ ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የሚመድባቸው ዳኞች ይቀመጣሉ። ከ2010 ወዲህ ከመካከላቸው አንዱ ቀድሞ ተወዳዳሪ የነበረ ሰው እንዲሆን ተለምዷል። የሚሰጡት ቅጣት ደረጃ ደረጃ አለው። ቀላሉ በተወዳዳሪው ሰዓት ላይ 5 ወይም 10 ሰከንድ መጨመር ነው። ከፍ ሲል ጎማ በሚቀየርበት መስመር በዝግታ እንዲያልፍ፣ ወይም እዚያው 10 ሰከንድ ቆሞ እንዲሄድ ይታዘዛል። ከዚያም በሚቀጥለው ውድድር ወደ ኋላ ተገፍቶ እንዲነሣ ማድረግ፣ ከውድድር መሰረዝ፣ ማገድ እያለ ይቀጥላል። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ በተወዳዳሪው ፈቃድ ላይ የጥፋት ነጥብ ይመዘገባል፤ በ12 ወር ውስጥ 12 ነጥብ የሞላበት ሰው አንድ ውድድር ቁጭ ብሎ ያያል።

ይህ ሁሉ ዝርዝር ድሮ አልነበረም። ለምን ቢባል፣ ድሮ ዳኛው ሞት ነበር። በ1961 ሴፕቴምበር ወር ኢጣልያ ውስጥ ሞንዛ ላይ በተደረገው ውድድር የጀርመናዊው የቮልፍጋንግ ፎን ትሪፕስ ፌራሪና የጂም ክላርክ ሎተስ ተነካኩ። ማንም ማንንም ሊጎዳ አላሰበም። ይሁን እንጂ ፎን ትሪፕስና 15 ተመልካቾች ሞቱ። ፎን ትሪፕስ በዚያ ዓመት በነጥብ ይመራ የነበረ ሰው ነው። እንዲህ ባለ ዘመን የሌላውን ጎማ ሆን ብሎ መግፋት ማለት የራስን መቃብር መቆፈር ስለነበረ፣ ሥርዓት የሚያስከብረው የሕግ መጽሐፍ ሳይሆን ፍርሃት ነበር።

ፍርሃት ብቻ ነበር ማለት ግን ሰዎቹን ማማት ይሆናል። በ1958 በፖርቱጋል ውድድር ማይክ ሆውቶርን የተባለው እንግሊዛዊ መኪናው ተሽከርክራ ቆማበት፣ ሲያስነሣት በተቃራኒ አቅጣጫ ነድቷል ተብሎ ተከሰሰ። ሊሰረዝም ነበር። ታዲያ ማን ሊመሰክርለት ቀረበ? የዋንጫ ተቀናቃኙ ስተርሊንግ ሞስ! ሆውቶርን በዚያች ቅጽበት የነበረው በመወዳደሪያው መንገድ ላይ ሳይሆን በእግረኛ መንገድ ላይ ነው ብሎ ያየውን ተናገረ። የሆውቶርን ሁለተኛነት ጸና። ዓመቱ ሲዘጋ ሆውቶርን ሞስን በ1 ነጥብ በልጦ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሞስ በዚያ ዓመት 4 ጊዜ ሲያሸንፍ ሆውቶርን ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ሞስ ከዚያም በኋላ ዋንጫውን ሳያገኝ ነው ውድድር የተወው። ሞኝ የሚለው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ስሙ እስከ ዛሬ ከብዙ ሻምፒዮኖች በላይ በክብር የሚነሣው በዚህ ጭምር ነው ባይ ነኝ።

ጊዜው ተለወጠ። መኪኖቹ ጠንካራ ሆኑ፣ አጥሮቹ ተሻሻሉ፣ ሐኪሞቹ በቅርብ ተሰለፉ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ሃሎ የሚባለው የጭንቅላት መከላከያ ቀስት ግዴታ ሆነ። በ2021 ሞንዛ ላይ የማክስ ቬርስታፐን መኪና በሉዊስ ሃሚልተን መኪና ላይ ስትወጣ ጎማዋ ያረፈው በዚያ ቀስት ላይ ነው፤ ሃሚልተን ከመኪናው በእግሩ ወጣ። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ማንም ወደ 1961 እንመለስ አይልም። ነገር ግን ያ አስፈሪ ዳኛ ጡረታ ሲወጣ ወንበሩ ባዶ መቅረት አልነበረበትም። በቦታው መቀመጥ የነበረበት የሰው ዳኛ ነው። እርሱ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲያመነታ ኖረ።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በ1989 ጃፓን ሱዙካ ላይ አላን ፕሮስትና አይርተን ሴና ተጋጩ። ፕሮስት ወጣ፤ ሴና ግን በሠራተኞች ተገፍቶ ቀጠለና አንደኛ ሆነ። ኩርባውን ሳይዞር አቋርጦ ገብቷል ተብሎ ተሰረዘ፤ ዋንጫው ለፕሮስት ሆነ። በዚህም ሳያበቃ ሴና የ100,000 ዶላር መቀጫ ተጣለበት። በዓመቱ፣ በ1990፣ እዚያው ሱዙካ ላይ ሁለቱም ከወጡ ዋንጫው የሴና የሚሆንበት ሁኔታ ተፈጠረ። ሴናም ገና በመጀመሪያው ኩርባ ላይ የፕሮስትን መኪና መትቶ ሁለቱም ከአሸዋው ገቡ። ቅጣት? ምንም! ሴና ራሱ በ1991 ሆን ብሎ ያደረገው መሆኑን በአደባባይ ተናገረ። እንግዲህ ፍረዱ፦ አቋራጭ በመሄዱ ብዙ ዶላር የተቀጣ ሰው፣ በሙሉ ፍጥነት ባልንጀራውን ሲመታ ዋንጫ ተሸለመ።

በ1994 አደላይድ ላይ ሚካኤል ሹማከርና ዴሞን ሂል በ1 ነጥብ ተለያይተው ሳለ ተጋጩና ዋንጫው የሹማከር ሆነ። ዳኞቹም የውድድር አጋጣሚ ነው ብለው አለፉት። በ1997 ስፔን ውስጥ ሄሬዝ ላይ ሹማከር አሁንም በ1 ነጥብ እየመራ፣ ሊያልፈው በመጣው በዣክ ቪልኔቭ መኪና ላይ መሪውን አዞረ። በዚህኛው ጊዜ ራሱ ከጠጠሩ ገብቶ ቀረ፤ ቪልኔቭ ሻምፒዮን ሆነ። ፌዴሬሽኑ የሹማከርን ሁለተኛነት ሰረዘ፤ ያሸነፋቸው ውድድሮች ግን በስሙ ተመዝግበው ቀሩ፤ ለቀጣዩ ዓመትም አልታገደም። አስቀድሞ ዋንጫ ላጣ ሰው ሁለተኛነት መሰረዝ ምን ያህል ቅጣት ነው? ያለቀ ወጥ ላይ ጨው እንደ መከልከል ይቆጠራል።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። ሁለት ድርጊቶችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ።

አንደኛው፦ በ2021 ሲልቨርስቶን። በመጀመሪያው ዙር ሃሚልተንና ቬርስታፐን ትከሻ ለትከሻ ሲታገሉ በፈጣኑ ኩርባ ላይ ተነካኩ። ቬርስታፐን በ51 ጂ ግፊት ከአጥር ተላትሞ ለምርመራ ሆስፒታል ሄደ። ዳኞቹ በአብዛኛው ጥፋተኛው ሃሚልተን ነው ብለው 10 ሰከንድ ቀጡት። ሃሚልተን ቅጣቱን ፈጽሞ ውድድሩን አሸነፈ።

ሁለተኛው፦ በ2025 ባርሴሎና። ቬርስታፐን ቦታውን ለጆርጅ ራስል እንዲለቅ ከቡድኑ ተነገረው። ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ራስል አጠገቡ ሲደርስ ግን መልሶ ቤንዚን ሰጥቶ ገጨው። ማንም አልተጎዳም። ቬርስታፐንም በማግሥቱ ድርጊቱ ትክክል እንዳልነበረ ገለጸ። ቅጣቱስ? 10 ሰከንድና 3 የጥፋት ነጥብ።

አንደኛው በትግል መካከል የተሠራ ስሕተት ነው፤ ውጤቱ ግን ከበደ። ሁለተኛው የንዴት ሥራ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ቀለለ። ሁለቱም በሰዓት ሲተመኑ ዋጋቸው አንድ ሆነ። ይህ ነው የማይዋጥልኝ።

«ኧረ የባርሴሎናው ቅጣት እኮ ቀላል አልነበረም!» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። 10 ሰከንዱ ቬርስታፐንን ከ5ኛ ወደ 10ኛ ጣለው፤ 9 ነጥብ በላበት። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ላንዶ ኖሪስ ሻምፒዮን የሆነው በ2 ነጥብ ብቻ በልጦት ነው። ሒሳቡ ያስደነግጣል። ሆኖም ይህ ክርክሬን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ቅጣቱ የከበደው ዳኞቹ አክብደው ስለመዘኑት ሳይሆን፣ በውድድሩ መጨረሻ መኪኖቹ ተጠጋግተው ስለነበር ነው። ተራርቀው ቢሆን ኖሮ ያው 10 ሰከንድ አንዲት ቦታ እንኳ ላያስለቅቀው ይችል ነበር። ክብደቱ እንደ ገበያው ግርግር የሚወጣና የሚወርድ ሚዛን ደግሞ ሚዛን አይባልም።

ሌላም ተቃውሞ አለ። «ዳኛ የሰው ልብ አይቶ አያውቅም፤ ሆን ብሎ ይሁን ተሳስቶ በምን ይለያል? ደግሞስ እሽቅድምድም ነው እንጂ የሠርግ ሰልፍ አይደለም፤ ይታገሉ ተዉአቸው» ይላሉ። ይታገሉ በሚለው እስማማለሁ። ትግል የሌለበት እሽቅድምድም ማን ያየዋል? ነገር ግን በእግር ኳስ ዳኛው ኳስ ፈልጎ የሳተውንና ሰው ፈልጎ የረገጠውን ይለያል፤ ለአንዱ ፊሽካ፣ ለሌላው ቀይ ካርድ ይሰጣል። በመኪና ውድድርማ ማስረጃው የተሻለ ነው። መሪው ስንት ዲግሪ እንደዞረ፣ ፍሬኑ መቼ እንደተረገጠ፣ ቤንዚን መቼ እንደተሰጠ፣ ሁሉም በመሣሪያ ተመዝግቦ ይቀመጣል። በ2006 ሞናኮ ላይ ሹማከር በማጣሪያው መጨረሻ መኪናውን ኩርባ ላይ አቁሞ የሌሎችን መንገድ በዘጋ ጊዜ፣ ዳኞቹ ለሰዓታት ያንን መረጃ መርምረው ከሁሉም ኋላ እንዲነሣ ወሰኑ። ስለዚህ ሲፈለግ ይቻላል።

የሚገርመው ደግሞ ፌዴሬሽኑ በቃል ጉዳይ ላይ ጥብቅ መሆኑ ነው። በ2024 ሲንጋፖር ላይ ቬርስታፐን በጋዜጣዊ መግለጫ ጸያፍ ቃል በመናገሩ የሕዝብ ጥቅም ሥራ እንዲሠራ ተፈረደበት፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሩዋንዳ ሄዶ ከጀማሪ ወጣት ነጂዎች ጋር በመሥራት ፈጸመው። መልካም ነው፤ አፍም ይታረም። ወጣቶችን ማገልገልም የሚያንጽ ቅጣት ነው። ነገር ግን አፉን ያበላሸ እስከ ኪጋሊ ከተላከ፣ መኪናን እንደ ዱላ የሚያነሣ በሰከንድ ይታለፍ ማለት ከወዴት የመጣ ሚዛን ነው?

በሌላ በኩል በዚያው በ2024 ኬቪን ማግኑሰን 12 የጥፋት ነጥብ ሞልቶበት የአዘርባጃን ውድድር አለፈው። የመጨረሻዎቹ ነጥቦች የመጡት ሞንዛ ላይ ከፒየር ጋስሊ ጋር በተፈጠረ ቀላል ንክኪ ነው፤ ጋስሊ ራሱ በቅጣቱ እንደተገረመ ተናግሯል። እንግዲህ ትንንሽ ጥፋት ተጠራቅሞ ያሳግዳል፤ አንድ ትልቅ ጥፋት ግን ብቻውን አያሳግድም ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በእኔ በኩል ሦስት ነገሮች ይበጃሉ እላለሁ።

አንደኛ፣ ስሕተትና ተንኮል በሕጉ ላይ በግልጽ ይለያዩ። ስሕተት በሰከንድ ይቀጣ፤ በመረጃ የተረጋገጠ ተንኮል ግን ሰከንድ አይቆጠርለት፤ ከዚያው ውድድር ይሰረዝ፣ የሚቀጥለውም ይቅርበት።

ሁለተኛ፣ ዳኞቹ ከውድድር ውድድር የሚለዋወጡ ሳይሆኑ ዓመቱን ሙሉ አብረው የሚሠሩ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ባለሙያዎች ይሁኑ። ትናንት የተፈረደው ዛሬም እንዲፈረድ የትናንቱን ፍርድ የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። ፌዴሬሽኑ ዳኞች የሚመሩበትን የቅጣት መመሪያ በ2025 ለሕዝብ ይፋ ማድረጉ ጥሩ ጅምር ነው።

ሦስተኛ፣ የዋንጫ ተፎካካሪ መሆን ቅጣትን አያቅልል፤ አያክብድም። «ዋንጫው በዳኛ እንዳይወሰን» እየተባለ ጥፋት ሲታለፍ ዋንጫው የሚወሰነው በአጥፊው ነው። ይህስ ከዳኛ በምን ተሻለ?

አበው «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላሉ። ሰው ቅጣት ስለከበደበት ብቻ አይከፋም፤ የሚከፋው ሚዛኑ ሲወላገድ ነው። እኛም ነገ ጠመኔ ይዘን ክፍል የምንገባ ሰዎች ነን። ብርጭቆ ያመለጠውን ልጅና ብርጭቆ የወረወረውን ልጅ እኩል የሚቀጣ መምህር፣ አንደኛውን ያስቆጣዋል፤ ሁለተኛውን ያበረታታዋል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ለሚሮጡትም ሕጉ ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

የተለየ አስተያየት ያለው ብዕሩን አንሥቶ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይምጣ። ሙግቱ ይቀጥል፤ ብቻ ገፍቶ መጣል አይፈቀድም።